ኮምፒውተሩ ለምን ተንቀራፈፈ?

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማብቃቱ ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ 11 ተሸጋግረዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተራችሁ ቢንቀራፈፍ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፋይሎችን እየመዘገበና ቀሪ ማሻሻያዎችን እየጫነ ሊዘገይ ይችላልና ታገሡት።

ካልተሻለው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን በአንድነት ተጭናችሁ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ። ሚሞሪው ከሞላ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡ አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን አስቁሙ፤ 4 ጊጋባይት ዝቅተኛው መጠን እንጂ በቂው አይደለም። ዲስኩ ሥራ ሳይሰጠው 100 በመቶ ላይ ከቆየና የድሮው ተሽከርካሪ ዓይነት ከሆነ፣ በኤስኤስዲ ማስለወጥ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይረክሳል። ዲስኩ ከመነካቱ በፊት ግን የልጆቻችሁን የትምህርት ሥራና የቤተሰባችሁን ፎቶ በሌላ ዲስክ ገልብጡ፤ የጠፋ ፎቶ በገንዘብ አይመለስምና።