ልጆቹ ያዩትን ይጠይቋቸው
ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ከተማ ከንቲባ

ለክብርት ወይዘሮ አዳነች አቤቤ
የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ

ክብርት ሆይ፣

ይህን የምጽፍልዎ ከመርካቶ ነው። ክረምታቸውን ሰጥተው የሰው ችግር ለማቃለል ስለሚደክሙ የሰፈሬ ወጣቶች አንድ ልመና አለኝ፤ ስንት ቤት እንዳደሱ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳዩም ይጠየቁ።

ትምህርት ሲዘጋ በአዲስ ከተማ ወረዳዎች የሚሆነውን ያውቁታል። የበጎ ፈቃድ ቲሸርት የለበሱ ልጆች ጭቃ ያቦካሉ፣ ቆርቆሮ ይሸከማሉ፣ ማዕድ ያጋራሉ፣ ደም ይለግሳሉ። አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም። ብዙዎቹ ያደጉት እዚያው በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሥራ የሚያጣጥል ሰው ሐምሌን በሚያፈስ ጣሪያ ሥር አድሮ አያውቅም።

በቅርቡ ከእህል በረንዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የአንዲት አዛውንትን ግድግዳ ሲመርጉ አጠገባቸው ነበርኩ። የጣሪያውን ቀዳዳ ሊያዩ ሲወጡ ቆጡ ላይ የተጠቀለሉ ብርድ ልብሶች አገኙ። እማማ ቆጡን ለአዳር ያከራዩታል፤ እሳቸውም ሌላ ገቢ የላቸውም። ተከራዮቹ ከገጠር የመጡ ተሸካሚዎች ናቸው። ሌሊት ከጭነት መኪና ኩንታል ያወርዳሉ፤ ሸክም ያላገኙ ቀን የአዳሩን መክፈል ስለማይችሉ በረንዳ ይወጣሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች በጎ ፈቃደኛ ቁጭ ብላ አነጋገረቻቸው። ከየት እንደመጡ፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ምን እንደሚያደርጉ፣ ከመካከላቸው መታወቂያ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቃ በደብተሯ ጻፈች። በሪፖርቱ ላይ የሰፈረው ግን «አንድ ቤት ታድሷል» የሚለው ብቻ ነው። ቅጹ ለቆጡ ሰዎች ቦታ የለውም።

ለእኔ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት 604 ሺህ ሰዎችን ለመድረስ ታቅዶ የተነሣ ሰፊ ሥራ ነበር። መሥራት የሚችለው አካባቢ እያጸዳ፣ አትክልት እያለማ ይከፈለው ነበር፤ አቅም የሌለው ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኝ ነበር። ተጠቃሚ የሚለየውም ነዋሪው በመረጠው ኮሚቴ ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን ጓዳ ስለሚያውቅ አሠራሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቆጥ ላይ የሚያድር ሰው ጎረቤት የለውም፤ ዕድር የለውም፤ በነዋሪዎች መዝገብ ስሙ የለም። መኪና ከተራገፈ በኋላ የፈሰሰ እህል ጠርጋ፣ ከአፈር አበጥራ የምትሸጠው ሴት፣ ከቆራሌው የገዛውን ጣሳ ምናለሽ ተራ ሲቀጠቅጥ የሚውለው ልጅም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከድሃም ድሃ የሆነው ሰው ከመዝገብ ውጭ ነው። በየቤቱ ገብተው ያገኙት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ወጣት ሄዶ የወገኑን ኑሮ ማየቱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። ያ ዘመቻ በመንግሥት ትእዛዝ ነበር፤ ብዙ መከራም ታይቶበታል። የዛሬዎቹ ማንም ሳያስገድዳቸው የመጡ ናቸውና ቃላቸው ይበልጥ ሊደመጥ ይገባል።

ውጭም ቢሆን ድህነትን የሚታገል ወጣት ሥራው በእጁ ብቻ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ነጭ አምባር ያሰሩ እጅግ ብዙ ሰዎች የባለጸጋ አገሮች መሪዎችን የድሆች አገሮችን ዕዳ ሰርዙ ብለው ወጥረው ያዟቸው። መሪዎቹም በስኮትላንድ ተሰብስበው ተስማሙ፤ ዕዳ ከተሰረዘላቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. ደግሞ ዓለም ለልማት ገንዘብ ከየት እንደሚገኝ የመከረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ሰነዱም የአዲስ አበባ የድርጊት አጀንዳ ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ የተባበሩት መንግሥታት አስከፊ ድህነትን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ገባ። የከተማችን ስም ያለበት ቃል መርካቶ በረንዳ ላይ ሲፈጸም ማየት እፈልጋለሁ። ደግሞም ይቻላል፤ በአገር አቀፍ መለኪያ በ1988 ዓ.ም. 45.5 በመቶ የነበረው ድህነት በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርነቱና የኑሮ ውድነቱ የስንቱን ማጀት እንዳራቆተ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ስለዚህ ክብርት ከንቲባ፣ ክረምቱ አልቆ ልጆቹ ከመበተናቸው በፊት በየወረዳው አንድ ቀን ይሰየምላቸው። የምስጋና ወረቀት የሚታደልበት ቀን እንዳይሆን፤ የሴፍቲኔት፣ የጤናና የመታወቂያ ጉዳይ ኃላፊዎች ተቀምጠው ልጆቹ የሚናገሩበት ይሁን። የሪፖርቱ ቅጽ መዝገብ ላይ የሌሉ ሰዎችን የሚያሰፍርበት ዓምድ ይጨመርበት። የሰዎቹ ስም ለደንብ ማስከበር ማሳደጃ እንዳይውልም መተማመኛ ይሰጥ፤ ያለዚያ ማንም አፉን አይከፍትም፣ እማማም ቆጣቸውን ይዘጋሉ። በተጠቃሚ መለያ ኮሚቴው ውስጥም ከበጎ ፈቃደኞቹ የተመረጠ አንድ ወጣት ከነድምፁ ይግባ።

ይህን ለመጀመር አዲስ በጀት አያስፈልግም። በአዲስ ከተማ ቢሞከር እኛ ነዋሪዎች ልጆቹን አስተባብረን ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ፈቃድዎ ከሆነ ቀኑ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ ከተማ ነዋሪ