«እኔ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም»

«በባዶ እጄ አይሲ ስነካካ ኖሬያለሁ፤ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።» ይህችን ነገር ኤሌክትሮኒክስ ለሚጀምር ልጅ ሲነግሩት በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ፣ መቼ ባንተ ይሆናል? የሚሆነው በአይሲው ላይ ነው! ሰው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው የሚታወቀው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። የብዙ ሞስፌት ጌት ግን የተፈቀደለት 20 ቮልት ብቻ ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈበት ውስጡ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይበሳል። ስለዚህ አንተ ሳይታወቅህ ዕቃው ያልቅለታል። የባሰው ደግሞ ወዲያው የማይሞተው ነው። ተጎድቶም ይሠራል፤ ከወራት በኋላ አንዴ እየሠራ አንዴ እየተወ ያስቸግራል። ልጁ ኮዱ የተሳሳተ መስሎት ሌሊቱን ሲያፈጥ ያድራል፤ መካሪው ግን «የቻይና ዕቃ እኮ ነው» ብሎ ይገላገላል።

በቅርቡ አንድ ሻጭ፣ ናይለን ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ሞስፌቶቹን ከብርማው ከረጢት መዳፉ ላይ ዘርግፎ እንደ ቆሎ እየቆጠረ ፌስታል ውስጥ ጨመረልኝ። ያ ከረጢት የውጭ ቻርጅ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚከልል ነው፤ ፌስታል ግን ራሱ ቻርጅ ያመነጫል። «በከረጢቱ ስጠኝ» ብለው ሳቀብኝ። ለካ ከረጢቱን ለሌላ ዕቃ ይፈልገዋል! ይህ ሁሉ ደግሞ በበጋ፣ አየሩ ደርቆ ሹራብ ስናወልቅ ጨለማ ውስጥ ብልጭ ብልጭ በሚልበት ወቅት ነው።

(የአርዱዪኖ ቺፕ መከላከያ ዳዮድ ስላለው ብዙ ይችላል። «ምንም አይሆንም» ባዮቹን ያደፋፈራቸውም ይኸው ነው።)

ከስታቲክ ለመጠበቅ ባዶ ሽቦ አንጓህ ላይ ጠምጥመህ ከኧርዝ ጋር እሰር የሚልህንማ እንዳትሰማው! ትክክለኛው የእጅ ማሰሪያ 1 ሜጋኦም ሬዚስተር አለው፤ በስህተት 220 ቮልት ብትነካ እንኳ በሱ በኩል የሚያልፈው ከሩብ ሚሊአምፔር በታች ነው። ባዶው ሽቦ ግን ይገድልሃል። ቤቴ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም አትበለኝ፤ የምትነካካው ኮምፒውተር ከሆነ ከሶኬት ነቅለህ ማሰሪያውን ከብረት አካሉ ጋር አያይዘው። ዋናው አንተና ዕቃው እኩል ቮልቴጅ ላይ መሆናችሁ ነው።

አሁን ደግሞ ገመድ አልባ ማሰሪያ የሚሸጡ መጥተዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ቻርጁ በየት በኩል ሊወጣ ነው? በዋይፋይ?