የኪራይ ውል ለብድር ይብቃ

አዲስ አበባ ውስጥ አከራይነት ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከግቢ ጥግ ነው። ዕቁብ የደረሳት እናት አጥሩን አስጠግታ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ታሠራለች፤ ብሎኬቱ በአንዱ ዙር፣ ቆርቆሮውና በሩ በሚቀጥለው። መጸዳጃው የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪውም አንድ ነው፤ የወር መጨረሻው ጭቅጭቅ ከዚያ ይነሳል።

ሌላው መንገድ ኮንዶሚኒየም ነው። በ20/80 መርሐ ግብር ዕጣ የወጣለት ሰው 20 በመቶውን ከፍሎ የቀረውን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ይበደራል። ለ5 ዓመት መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ግን ይችላል። በርካቶችም ከወላጅ ጋር ተዳብለው የባንኩን ዕዳ በኪራዩ ይከፍላሉ። ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ከከረመ ግን ስሌቱ ይፋለሳል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ገንዘቡም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። ብዙ አከራይ ሕጉን የሚያየው እንደ ልጓም ብቻ ነው።

ልጓምነቱ አይካድም። ነገር ግን የተመዘገበ የ2 ዓመት ውልና በየወሩ ሒሳብ ውስጥ የሚገባ ኪራይ ከመሥሪያ ቤት የደመወዝ ደብዳቤ በምን ያንሳል? ባንክ ቤት ሲኬድ ግን አስቀድሞ የሚጠየቀው ካርታ እንጂ የኪራይ ውል አይደለም፤ ስለዚህ ባለ ሰርቪሷ ወደ ዕቁቧ ትመለሳለች።

ባንኮች የተመዘገበ የኪራይ ውልን እንደ ገቢ ማስረጃ ይቀበሉ፤ የግንባታ ፈቃድ ላለው ሰርቪስም አነስተኛ ብድር ያዘጋጁ። አከራዮችም ውላቸውን ወስደው ወረዳ ያስመዝግቡ።