ዳሱ ሲሠራ ለድምፁም ይታሰብ



ለቃና ዘገሊላ ማታ ስለሚተከለው የማሲንቆ ዳስ በመጪው እሑድ ስብሰባ እንወስናለን። በካዝናችን ያለችው ገንዘብ ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ኪራይ ትዋል የሚሉ አሉ፤ በዚያችው ገንዘብ ጣውላና አጠና ገዝተን ከአዝማሪው ጀርባ ግድግዳ እናቁም የሚሉም አሉ። እኛ ከኋለኞቹ ጋር ነን።

ማሲንቆ ድምፅዋ ትንሽ ነው፤ ያላት የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ደግሞ ድምፅን የሚይዘው ነገር የለም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ኃይሉ ወደ አራተኛው ይወርዳል፤ 5 ሜትር ላይ የተቀመጠው ከሚደርሰው 10 ሜትር ላይ ላለው ሩቡ ብቻ ይደርሰዋል ማለት ነው። ሸራ ብቻ የለበሰ ዳስ ይህንኑ ያሾልከዋል። ጣውላ ግን ወደ ሰው ይመልሰዋል። የተመለሰው ድምፅ ከሰከንድ ሃያኛ እጅ በላይ ካልዘገየ ጆሮ ከመጀመሪያው ጋር አንድ አድርጎ ይሰማዋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳልና፣ ይህ 17 ሜትር መንገድ ነው። ግድግዳው ከአዝማሪው ጀርባ በ2 ሜትር ላይ ቢቆም ትርፉ መንገድ 4 ሜትር ያህል ነውና ያግዛል። ከሩቅ ያለ ግድግዳ ግን የገደል ማሚቶ ይሆንብናል፤ የገደል ማሚቶን ደግሞ ለስሜን ሰው አናስተምርም።

በውጭ አገር እንዲህ ያለውን ለአንድ ሰሞን የሚቆም የሙዚቃ ዳስ ሳይተክሉ በፊት በኮምፒዩተር ያሰሉታል። ድምፅን እንደ ጨረር ቆጥሮ የት ተጋጭቶ የት እንደሚያርፍ መከተል ነው፤ የኖርዌይ ሊቃውንት ይህን ስሌት በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያውቅ ልጅ ቢያሰላልን ደስ ይለናል። ባይገኝም ሜትርና ገመድ አለን።

ማጉያው ይጮኻል እንጂ ቃል አያሰማም ብለን እንሰጋለን። ለአዝማሪው ግጥም ሰጥተነው፣ ተቀብሎ ሲመልሰው ሰሙም ወርቁም ካልተሰማ ምን ቀረን? ደግሞ ሌሊቱን አስቡት። በእኛ ደጋ ማታ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ከታች ያለው አየር ከላዩ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ወደ ሰማይ መውጣቱን ትቶ ወደ መሬት ይታጠፋል፣ ሩቅም ይሄዳል። የሌሊት ውሻ ከማዶ የሚሰማው አንድም በዚህ ነው። አራስ አለች፣ በሽተኛ አለ፣ ለፈተና የሚያጠና ልጅ አለ፤ እነሱም የማኅበሩ አባል ናቸው እኮ!

የግድግዳው ጥንካሬ ግን በዋዛ አይታይ። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በፋሲለደስ መዋኛ፣ ለጥምቀት የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ጣውላ ነፋስ ይይዛል፤ የኛም ነፋስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከኋላው ደጋፊ እንጨት ይግባለት፤ አናጢ አይቶ ሳይፈቅድ ማንም ከሥሩ አይቀመጥ።

አጠና ወይም የተረፈ ጣውላ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንድታስመዘግቡ፣ አናጢዎችም እሑድ እንዳትቀሩብን በአክብሮት እናሳስባለን።