«አታስቢ» የተባለችው ሴት

በድንገተኛ ፍርሃት የሚሠቃይ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከጎረቤቱና ከሥራ ባልደረቦቹ ደጋግሞ የሚሰማው ምክር «አታስብ» የሚል ሲሆን፣ ይህ ዓምድ ከዚህ ቃል ጋር ያለው ጠብ የቆየ መሆኑን የዘወትር አንባብያን ያውቃሉ። ጠቡ በዚህ ሳምንት የታደሰው ምክሩ ከሕክምና ባለሙያ አንደበት የወጣ መሆኑ በመሰማቱ ነው፤ በልብ ምርመራ ጤነኛ ሆና የተገኘች አንዲት ወጣት «ምንም የለብሽም፣ ዝም ብለሽ አታስቢ» ተብላ ተሸኝታለች። ምንም የሌለበት ሰው ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ «ሞትሁ» ብሎ ከታክሲ አይወርድም።

ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚባለው፣ የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር ልብ በኃይል የሚመታበት፣ ትንፋሽ የሚያጥርበት፣ ላብ የሚያጠምቅበትና ጣት የሚደነዝዝበት፣ ብዙውን ጊዜም በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጫፍ የሚደርስ የፍርሃት ማዕበል ነው። ማዕበሉን የሚያገዝፈው ለሰውነት ስሜት የሚሰጠው ትርጓሜ መሆኑን እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጽሑፍ አስረድተዋል። ደረጃ ወጥቶ ወይም ቡና አብዝቶ ልቡ የመታበት ሰው ነገሩን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ከተረጎመው፣ ፍርሃቱ ምቱን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነው ምት ደግሞ ተመልሶ ለትርጓሜው ማስረጃ ይሆናል። የተጣደፈ ትንፋሽ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ የሚመጣው ማዞርና መደንዘዝም ሌላ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው ዘዴ የሚገባው በዚህ አዙሪት መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በ100 ዓመታቸው ያረፉት አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ መሠረቱን የጣሉት ይህ ሕክምና፣ ታካሚው ሐሳቡን ከውስጡ እንዲያባርር አይጠይቀውም፤ በወረቀት ላይ እንዲያሰፍረው፣ የሚደግፈውንና የሚቃረነውን ማስረጃ እንደ ዳኛ እንዲመዝን፣ ከዚያም በድርጊት እንዲፈትነው እንጂ።

ያቺ ወጣት ታክሲ ስትሳፈር ከበሩ አጠገብ ካልሆነ አትቀመጥም፣ የውኃ ላስቲክ ሳትይዝም ከቤቷ አትወጣም፤ ደረቷ ሲጠብባት «ወራጅ አለ» ብላ መንገድ ላይ ትቀራለች። ስትወርድ ይቀልላታል፤ ትልቁ ጉዳት ያለውም በዚሁ መቅለል ውስጥ ነው፤ አእምሮዋ «የዳንሁት ስለወረድሁ ነው» የሚለውን ትምህርት ይዞ ይመለሳልና፣ ባትወርድም ማዕበሉ በራሱ ጊዜ ያልፍ እንደነበር ለማየት ዕድል አላገኘችም። ኋላ ያገኘቻት ሌላ ባለሙያ በቀጭን ገለባ እንድትተነፍስና ደረጃ ሮጣ እንድትወጣ በማድረግ የምትፈራውን ስሜት ሆን ብላ ቀሰቀሰችባት። ይህ ለሩቅ ተመልካች ጭካኔ ቢመስልም፣ የሚመታ ልብ ሁሉ የሚቆም ልብ አለመሆኑን ሰውነት የሚማረው በቃል ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የተሰጣት የቤት ሥራ ያለ ውኃ፣ በታክሲው የመጨረሻ ወንበር ተቀምጦ መሄድ ነበር። ሁለት ጊዜ ወርዳለች። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከመገናኛ እስከ ፒያሳ ደርሳለች፤ ልቧ መንገዱን ሁሉ እየመታ።

«ይህ የፈረንጅ ሕክምና ነው፣ ለእኛ ሰው አይሆንም» የሚሉ ወገኖች መልሳቸውን ከዚምባብዌ ያገኛሉ። በሐራሬ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ 14 አያቶችን አሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በተተከሉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከዚህ ሕክምና ጋር የሚዛመድ የችግር መፍቻ ምክር እንዲሰጡ አድርገዋል። ሰዎቹ ይዘው የሚመጡትን ሕመም በሾና ቋንቋ ኩፉንጊሲሳ ይሉታል፤ ትርጉሙ «አብዝቶ ማሰብ» ነው። የአማርኛ ተናጋሪም «ሐሳብ ገባኝ» ሲል ጭንቀቱን እየተናገረ ነው፤ ቋንቋው ሐሳብንና ሥጋትን በአንድ ቃል ስላሰረ ይመስላል «አታስብ» መድኃኒት መስሎ የሚታየው። ይሁን እንጂ «አታስብ» የተባለ ሰው፣ ሐሳቡን ለመርሳት ሲታገል ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያው ሐሳብ ያስባል። ከልብ የሚያዝን ዘመድ በዚህ ቃል ፈንታ «ምን ታሰበህ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን እስከ መጨረሻው ቢሰማ፣ የሕክምናውን የመጀመሪያ እርምጃ ሳያውቀው አስጀመረ ማለት ነው። ጸሎቱንና ጠበሉን የሚከለክል የለም፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ደረቱ የጠበበበት ሰው አስቀድሞ ልቡን ይመርመር፣ የእንቅርት ዕጢውም ይታይለት። ምርመራው ጤነኛ ነው ሲል ግን ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ከማለት ይቆጠብ፤ የሕመሙን ስም ይንገረው፣ የት እንደሚታከምም ያመልክተው።