ለከሰረ ነጋዴ ከጠበቃ ቢሮ ይልቅ ቦሌ ኤርፖርት ለምን ይቀርበዋል?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካሉት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ሱቅ የነበረው ወዳጅ አለኝ። የፊኒሺንግ ዕቃ ነጋዴ ነበር። ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ፣ የበር ቁልፍ፣ ማጠፊያ፣ የመሳሰለውን ሁሉ ይሸጣል። "ነበር" ማለቴ ሰውየው ሞቶ አይደለም፤ የሞተው ሱቁ ነው። እሱማ በቀጠሮ ቀን ከልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ አይጠፋም። ስሙን አልጠቅስም። ስሙ ቢወጣ ከአበዳሪዎቹ ይልቅ ሐሜቱ ይብስበታል። በእኛ አገር "ሰረቀ" ከመባል "ከሰረ" መባል የሚያሳፍረው ሰው ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጄ ዕቃውን የሚያነሳው ከአንድ የመርካቶ አስመጪ በዱቤ ነው። ማስያዣው ምንድን ነው? ቼክ! ቀኑ ሦስት ወር ወደፊት ተገፍቶ የተጻፈ ቼክ። በዚያ ላይ ገርጂ ያለውን የእናቱን ቤት አስይዞ ከባንክ ተበድሯል። ዱቤው፣ ሽያጩና ብድሩ እየተደጋገፉ ለዓመታት ሄዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ይወሰን አለ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። አስመጪው በድሮ ዋጋ የሸጠውን ዕቃ ለመተካት እጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ገንዘብ አስፈለገው። ዱቤውን ቆረጠና ቼኮቹን ቀናቸው ሳይደርስ ይዞ ባንክ ሄደ።

ወዳጄ "ቀኑ ገና ነው" ብሎ ተማምኖ ተቀምጧል። ሕጉ ግን እንደሱ አያስብም። ቼክ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ወደፊት ስለሆነ ባንኩ አልከፍልም አይልም። ባንኩ ያለው "በቂ ስንቅ የለውም" ነው። አለቀ። ደረቅ ቼክ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ሆን ብሎ ለሚያወጣ ሰው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። በፍትሐ ብሔሩም በኩል ቢሆን የቼክ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት ስለሚታይ፣ ተከሳሹ ለመከላከል እንኳ መጀመሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ወዳጄ ጠበቃ የፈለገው ያኔ ነው፣ ፖሊስ ከደወለለት በኋላ። እንዴት አድርጎ ፈለገ? የአክስቱን ልጅ ፍቺ የያዘ ጠበቃ ነበር። ሰውየው አፈ ጮሌ ነው፣ መኪናው ያማረ ነው፣ "ዳኞቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ" ይላል። (አንባቢ ሆይ፣ ዳኛ አውቃለሁ የሚል ጠበቃ ሲገጥምህ የወንበርህን ጫፍ ይዘህ ተነስ።) የቅድሚያ ክፍያ ተከፈለ፤ ደረሰኝ የለም። የጽሑፍ ውል የለም። ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና ፈረመ፤ አላነበበውም። በኋላ አብረን ስናየው መታረቅም፣ ገንዘብ መቀበልም፣ ንብረት መሸጥም ተጽፎበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መታረቅና የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ለተወካይ በግልጽ ካልተሰጡ በስተቀር የማይኖሩት ልዩ ሥልጣኖች ናቸው። ወዳጄ ሁሉንም በአንድ ፊርማ አስረክቧል።

ጠበቃው ቼኩን ይዞ ሮጠ። ስልቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጠሮ ማስረዘም። በዚህ መሀል ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። ወዳጄ ለጠበቃው ሰጠው፤ ጠበቃውም ፋይሉ ውስጥ ከተተው። እዚያው ፋይሉ ውስጥ ተኛ። ደብዳቤው በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የተጻፈ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ነበር። ይህን አዋጅ የማያውቅ ነጋዴ ቤቱን ባያስይዝ ይሻለዋል። አዋጁ ባንኮች በብድር ውሉ ላይ ስምምነት ካለ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ የተያዘላቸውን ንብረት ራሳቸው በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ባንኩ በአሸያጡ ቢያጠፋ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፤ ቤቱ ግን ሄዷል። ስለዚህ ጠበቃ ዋጋ የሚኖረው በእነዚያ ሠላሳ ቀናት ውስጥ፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት፣ ከባንኩ ጋር ቁጭ ብሎ የብድሩን ጊዜ ለማራዘም ሲደራደር ነው። ወዳጄ የእናቱን ቤት የሐራጅ ማስታወቂያ ያየው ጋዜጣ ላይ ነው። ጠበቃው "ይግባኝ እንላለን" አለው። የምን ይግባኝ? ማን በፈረደው ላይ?

እኔን ያስገረመኝ የጠበቃው ነገር ብቻ አይደለም። በእነዚያ ሁሉ ወራት ከወዳጄም፣ ከጠበቃውም፣ ከአስመጪውም፣ ከባንኩም አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም። እሷም የኪሳራ ሕግ የምትባለው ናት።

ሕጉ የለም እንዳይባል አለ፤ ያውም ስልሳ ዓመት አልፎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ ፈረንሳዮቹ ኤስካራና ዦፍሬ ያረቀቁት፣ አምስተኛ መጽሐፉ በሙሉ ስለ ኪሳራ ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ትልልቁን ድርጅት ሲወርስ ሕጉም አብሮ እንቅልፍ ወሰደው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሲወጣ ሦስተኛ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር አድሶ አመጣው። ከድሮው የሚለይበት ዋና ነገር፣ ነጋዴው ሙሉ በሙሉ ሳይወድቅ፣ ገና መንገዳገድ ሲጀምር ፍርድ ቤት ሄዶ "ዕዳዬን ከአበዳሪዎቼ ጋር ላስተካክል፣ ድርጅቴን መልሼ ላደራጅ" ማለት መቻሉ ነው። አበዳሪዎች በየፊናቸው ከመሻማት ይልቅ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የማይድን ከሆነም ንብረቱ በባለአደራ እጅ ሆኖ በሕጉ ቅደም ተከተል ይከፋፈላል። ቀድሞ የሮጠ ሁሉንም ጠራርጎ አይወስድም።

ታዲያ ማን ተጠቀመበት? የሚያውቁትን ልጥቀስ። ሆላንድ ካር የሚባል የመኪና መገጣጠሚያ ነበር፤ መኪኖቹን ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ በወንዞቻችን ስም የሚጠራ። በ2005 ዓ.ም. በኪሳራ ተዘጋ። አክሰስ ሪል እስቴትስ? ከሁለት ሺህ በላይ ቤት ገዢዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ቤት ሳያዩ ቀሩ። ዋናው ሰው አቶ ኤርሚያስ አመልጋ በ2005 ዓ.ም. አገር ለቀው ወጡ፤ ኋላ ተመለሱ። ያን የመሰለ የዕዳ ክምር የተያዘው ግን በኪሳራ ችሎት ሳይሆን መንግሥት ባቋቋመው ኮሚቴ ነው። ገዢው በየስብሰባ አዳራሹ ሲጮህ ዓመታት አለፉ። ኮሚቴ መርማሪ ዳኛ አይደለም፤ ንብረት አይረከብም፣ የአበዳሪ ተራ አይወስንም።

ትልቁ ነጋዴ እንዲህ ከሆነ ትንሹ ምን ያድርግ? አንዳንዱ አንዲት ሻንጣ ይዞ ማታ ወደ ቦሌ ኤርፖርት ያመራል። ሰው "በላ፣ ጠፋ" ይለዋል። ከመካከላቸው በላተኛ የለም አልልም፤ ሞልቷል። ግን ስንቱ ነው ሌላ በር መኖሩን የነገረው ጠበቃ ቢያገኝ ኖሮ የማይሄደው?

እዚህ ላይ መንግሥታችንን አንድ ነገር እንጠይቀው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያ የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ አልከፈለችም። ቀኑ ደርሶ ሳይከፈል ቀረ። በነጋዴ ቋንቋ ደረቅ ቼክ በሉት። ማን ታሰረ? ማንም። መታሰርም አልነበረበትም። መንግሥት ያደረገው ብልህ ሰው የሚያደርገውን ነው። ቀደም ብሎ ላዛርድን የመሰለ የፋይናንስ አማካሪ ቀጠረ፣ የሕግ ባለሙያ አሰለፈ፣ አበዳሪዎቹን ሰብስቦ "ዕዳዬን እናሸጋሽገው" አለ። አገር ውስጥም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ድርጅቶች ለንግድ ባንክ ያልከፈሉት ዕዳ መጀመሪያ በ2013 ዓ.ም. ለዚሁ ወደተቋቋመው የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን ዞረ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ለባንኩ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጥ ምክር ቤቱ አጸደቀ። ሐራጅ የለ፣ የሠላሳ ቀን ደብዳቤ የለ። የቦሌው ባለሱቅ ግን ቼኩ ሲመለስ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ፖሊስን ነው። ለራስ ሲሆን ሽግሽግ፣ ለነጋዴው ሲሆን ጽኑ እስራት? ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ የኪሳራ ሕጓን እ.ኤ.አ. በ2015 ካደሰች በኋላ ናኩማት የተባለው ግዙፍ ሱፐርማርኬት ሲንገዳገድ ከ2018 ጀምሮ በባለአደራ አስተዳዳሪ እጅ ቆይቷል። አልዳነም፤ ግን የወደቀው ሰው እያየው፣ አበዳሪዎቹ ድምፅ እየሰጡ ነው።

ጠበቆቹን ብቻ መውቀስ ደግሞ ግፍ ይሆናል። በንግድ ጉዳይ የቆዩ አንድ ጠበቃ ሲያጫውቱኝ ደንበኛቸው የሚመጣው አንገቱ ላይ ገመድ ከገባ በኋላ ነው። ሰነድ ይደብቃል። ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለው፤ አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለራሱ። የመጀመሪያ ጥያቄውም "ቤቱን በሚስቴ ወንድም ስም ላዙረው ወይ?" ነው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የኪሳራ ፍርድ ቤት ወደኋላ ተመልሶ ያያል። ክፍያ ከመቋረጡ በፊት ባለው ጊዜ ለዘመድ የተሰጠ ስጦታ፣ ለአንዱ አበዳሪ ብቻ ተለይቶ የተከፈለ ገንዘብ ሊፈርስ ይችላል። ከዚያ በላይ ደግሞ የማታለል ኪሳራ የሚባል ወንጀል ይከተላል። "አዙረው" ብሎ የሚመክር ጠበቃ ደንበኛውን ከዕዳ አውጥቶ ወደ ቃሊቲ ነው የሚመራው።

ሌላም ችግር ነበረ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በአገራችን ጠበቃ ማለት አንድ ሰው፣ አንድ ቦርሳ ነበር፤ ጠበቆች ድርጅት መሥርተው እንዲሠሩ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። የኪሳራ ጉዳይ ደግሞ የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋል፣ የግብር ነገር የሚያውቅ ይፈልጋል፣ ከሃያ አበዳሪ ጋር የሚደራደር ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ፈቀደ፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም አቋቋመ። ዛሬ ቦሌ ላይ በየፎቁ የድርጅቶቹን ታፔላ እናያለን። ታፔላው ደስ ይላል። ውስጡ ግን ኪሳራ ነክ ፋይል ይዞ የሚያውቅ ማን ነው ብሎ መጠየቅ የደንበኛው ፋንታ ነው።

እኔ ወዳጄን አሁን ላይ ሆኜ ብመክረው ይህን እለው ነበር። የፍቺ ጠበቃ ለፍቺ ነው። የጥብቅና ፈቃዱን አሳየኝ በል፣ ፍትሕ ሚኒስቴር የሰጠውና የታደሰ መሆኑን አይተህ። በንግድ ችሎት ስንት ጊዜ ቆመሃል በል። ከዚያ ደግሞ የምትቆመው ለእኔ ነው ወይስ ለኩባንያው በል። ሸሪክ ያለው ሰው ይህችን ጥያቄ ይረሳና፣ "የእኛ ጠበቃ" ያለው ሰው በጠቡ ማግሥት የሸሪኩ ጠበቃ ሆኖ ፊት ለፊቱ ሲቆም ያየዋል። ክፍያው በጽሑፍ ይሁን፣ በየደረጃው ይከፈል፣ ደረሰኝ ይኑረው። በውክልናው ላይ ሽያጭ የሚል ቃል ካየህ ለምን ብለህ ጠይቅ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነኝ ብለህም አትኩራራ፤ ባንኩ በግልህም ዋስ አድርጎ አስፈርሞህ ሊሆን ይችላል። ከአቅራቢህ ጋር በምትዋዋልበት ጊዜ ደግሞ ጠብ ሲነሳ በግልግል ዳኝነት ይታይ የሚል አንቀጽ ለማስገባት አስብ። አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለ፣ የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤትም የግልግል ተቋም አለው። አስመጪውና ወዳጄ እኮ አሥር ዓመት አብረው የበሉ ሰዎች ናቸው። ቼኩ በመካከላቸው ባይኖር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ቀን ያለፈበት ዕዳ ሁለተኛ ወሩን ሲይዝ፣ ሱቁ ገና ክፍት ሳለ፣ ጠበቃ ዘንድ ሂድ እለው ነበር። አንድ የምክር ሰዓት ስንት ቢያስከፍል የገርጂን ቤት አያህልም።

ባለፈው ሳምንት ካልዲስ ቁጭ ብለን ሳለ የወዳጄ ስልክ ጠራ። ጠበቃው ነው። የቼኩ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ተቀጥሯል፤ ለዚህኛው ቀጠሮ የሚሆን ተጨማሪ ክፍያ ይፈልጋል። ወዳጄ ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ። እናቱ አሁን እህቱ ጋ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት። ቤቱ መሸጡን እስካሁን አልነገራቸውም፤ "ለእድሳት ነው" ብሏቸዋል።