አንድ ምስክር ፍርድ አያጸናም

ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው ደጋ፣ በድማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ ጉባኤያት፣ ቅኔ ሊቆጥሩ ከሩቅ አገር የመጡ ቆሎ ተማሪዎች በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ሲያድሩ፣ የአንዱ ጉሮሮ ሕመም ለባልንጀራው መትረፉ አይቀርም። ይህ ሕመም በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ በአንዳንዱ ሕፃን ላይ መገጣጠሚያን የሚያሳብጥ የቁርጥማት ትኩሳት፣ ውሎ አድሮም የልብን በሮች የሚያበላሽ ደዌ ሆኖ ይመለሳልና፣ ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

የሕመሙ መንሥኤ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ፣ ስትሬፕቶላይሲን ኦ የተባለ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በሕዋሳት ሽፋን ካለው ኮሌስትሮል ጋር ከተጣበቀ በኋላ፣ ቅንጣቶቹ በክብ ተገጣጥመው ሽፋኑን ይበሱታል፣ ሕዋሱም ይፈርሳል። ሥጋችን በበኩሉ መርዙን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ያዘጋጃል። እንግሊዛዊው ኤድጋር ቶድ እ.ኤ.አ. በ1932 ይህን በመለካት ያለፈውን ሕመም ማወቅ እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ «ኤ.ኤስ.ኦ» የምንለው ምርመራ የዚያ ፍሬ ነው።

ነገር ግን ይህ ምርመራ የሚመሰክረው ባክቴሪያው በቅርብ ጊዜ በሰውየው ላይ እንዳለፈ ብቻ ነው፤ ልብ መታመሙን አይናገርም። ልኬቱ ከሕመሙ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ከፍ ብሎ፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ጤነኛ ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ከ200 ዩኒት ያልፋሉ። በአንጻሩ የቁርጥማት ትኩሳት ከያዛቸው ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ልኬቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በቆዳ ላይ ከሚወጣ ቁስል በኋላም ምላሹ ደካማ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ አይቶ ጤነኛውን ልጅ «የልብ በሽተኛ» ብሎ በየወሩ በመርፌ ማሠቃየት፣ ወይም በእርግጥ የታመመውን «ምንም የለብህም» ብሎ ማሰናበት፣ ሁለቱም በነፍስ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

አሜሪካዊው ሐኪም ዳኬት ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1944 የቁርጥማት ትኩሳት መለያ የሆነውን መመዘኛ ሲያወጣ፣ የመገጣጠሚያው ሕመም፣ የልቡ ድምፅና የሰውነቱ ያለ ፈቃድ መወራጨት በአንድነት እንዲመረመሩ ያዘዘው፣ ፍርድ በአንድ ምስክር እንዳይጸና ነው። እንግዲህ ሐኪሞቻችን የሕፃኑን ደረት ሳያዳምጡ በቁጥር አይፍረዱ፤ ወላጆችና የኔታዎችም ትኩሳት ያለበትን የጉሮሮ ሕመም በእንጥል ቆራጭ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ያስመርምሩ፤ ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን፣ በአዲስ አበባ የልብ ቀዶ ሕክምና ተራ ከመጠበቅ ያድናልና።